ሁለት ሰርቨር ከአንድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቤቴ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች አሉኝ። ለቤተሰቡ ፎቶዎች ኬ3ኤስ ላይ ኔክስትክላውድ ልጭን ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለቱንም ዋና ሰርቨር ላድርጋቸው?

መልስ፦ አያድርጉ። የክላስተሩን መረጃ የሚይዘው ኢትሲዲ ለውጥ የሚያጸድቀው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲስማሙ ነው። ከሁለት አባላት ከግማሽ በላይ ማለት ሁለቱም ናቸው፤ አንዱ ከጠፋ የቀረውም ለውጥ መቀበል ያቆማል። አንድ ብልሽት ለመቋቋም 3 ሰርቨር ያስፈልጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፎቶዎቹ ናቸው። ከኬ3ኤስ ጋር አብሮ የሚመጣው ማከማቻ ፋይሉን በአንዱ ማሽን ዲስክ ላይ ብቻ ያስቀምጣል። ያ ማሽን ሲሞት ኔክስትክላውድ ሌላው ላይ አይነሳም፤ ፋይሎቹ እዚያ የሉማ! ሎንግሆርን የተባለው ማከማቻ በሁለቱም ላይ ቅጂ ይይዛል፤ ሆኖም በስህተት የሰረዙት ፎቶ ከሁለቱም ይጠፋል።

ዓላማዎ ኬ3ኤስ የተመሠረተበትን ኩበርኔቲስን መማር ካልሆነ አንዱ ላፕቶፕ ላይ በዶከር ኮምፖዝ ይሥሩ፤ ሁለተኛውን የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ያድርጉት። በየሌሊቱ ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ሬስቲክ በተባለው የመጠባበቂያ ፕሮግራም ወደዚያ ይላኩ። አልፎ አልፎ ቅጂውን መልሰው በማውጣት ፎቶዎቹ በትክክል መከፈታቸውን ይፈትሹ። የላፕቶፖቹ ባትሪ ደህና ከሆነ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ያቆያል፤ ያበጠ ባትሪ ግን ዛሬውኑ ይውጣ።