አጣጥ፣ የሕዝቅያስ በለስና የካንሰር መድኃኒት

ሕሙማን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ካንሰር ነው ተብያለሁ። ሐኪም ቤት ብሄድ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው? ወይስ እግዚአብሔር በፈጠረው ቅጠል ብታከም ይሻላል?» ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔርን ሥራ ከሐኪሙ ሥራ ይነጥላሉ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ለሰውም ዕውቀትን የሰጠ እርሱ መሆኑን ያስተምራል። ልብ እንበል፤ የሰጠን ቅጠሉን ብቻ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ በጸለየ ጊዜ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተስፋውን ካገኘ ታዲያ በለሱ ለምን አስፈለገ? ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ፈውሱ ከእግዚአብሔር ነው፤ የመጣውም በበለሱ በኩል ነው።

ወደ አገራችን ቁጥቋጦ እንምጣ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለካንሰር የሚሆን ዕፅ ሲያስሱ ከኢትዮጵያ ከአጣጥ ወገን የሆነ ተክል ወሰዱ። ኬሚስቱ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1972 አስታወቁ። ከአንድ ኪሎ ተክል የሚወጣው አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወዲህና ወዲያ የሚስቡ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ሜይታንሲን ክሮቹ እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ነገር ግን የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። ለሰው ተሰጥቶ ሲሞከር ጉዳቱ በዛ፣ ጥቅሙ አነሰ፤ ሙከራውም ቆመ። አጣጥ ቀቅሎ ለመጠጣት የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል፤ መርዙ በሐኪም እጅ ተለክቶም አስቸግሯል።

ተመራማሪዎች ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ሌላ መንገድ ፈለጉ። የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የሚበዛውን ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አጣበቁት። አንቲቦዲው ሕዋሱን ይይዛል፤ መርዙም በአብዛኛው የሚፈታው እዚያ ውስጥ ነው። ካድሳይላ የተባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሜይታንሲን መገኘቱ ከታወቀ 41 ዓመት መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ከሦስት ቀን ቅጠል ፈውስ እንጠብቃለን።

ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የታዘዘለትንም መርፌ ቀኑን ሳያሳልፍ ይወጋ። ቅጠል የሚጠጣ ካለ ከሐኪሙ አይደብቅ፤ አንዳንዱ ዕፅ በጉበት በኩል የካንሰሩን መድኃኒት ያደክማል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ ያከማቸዋል።