«ከባንክ ነው» ለሚል ድምፅ ምን እንመልስ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን በቤታችን የደረሰውን ነው። አክስቴ የሽንኩርቷን ዋጋ ደሴ በሚገኝ አንድ ባንክ አስቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። «ከባንክ ነው፤ ሂሳብዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት። እርሷ ፊደል ስላልቆጠረች ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ለማንም አይንገሩ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ እርሱን ያየሁት ግን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ማታለል በዓለም «ፊሺንግ» ይባላል። ስሙ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ሲሆን፥ የታወቀውም በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አታላዮች የአሜሪካ ኦንላይን ደንበኞችን የሚስጥር ቃል በሐሰት መልእክት ሲሰበስቡ ነው። በእኛም አገር ገንዘብ በስልክ መላክ ተለምዷል፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አጥማጁ መንጠቆውን በምን እንደሚሸፍነው እንወቅ።

1ኛ/ በጥድፊያ። «አሁኑኑ ካላደረጉ ይዘጋል» ይላል። የሚያስቸኩለን ጎረቤት እንዳንጠይቅ ብሎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

2ኛ/ በስጦታ። ያልቆረጥነው ሎተሪ ሊደርሰን አይችልም።

3ኛ/ በተመሰለ ገጽ። ኢሜይሉ የባንኩን ዓርማ ይዞ ይመጣል፤ ዓርማ ግን ማንም ይቀዳዋል። ስለዚህ የድረ ገጹን ስም ፊደል በፊደል እንመርምር። አንዲት ፊደል ከተለወጠች ወይም ከስሙ ኋላ ሌላ ስም ከተቀጠለ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ሥዕልም የምንጽፈው ቃል በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መሸፈኑን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አያሳይም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ፥ ድምፁ ምንም ቢያምር፥ ባንክ አይደለም። ስልኩን ዘግተን እኛው ራሳችን ወደ ባንኩ እንደውል፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደንበኞች ስልክ 951 ነው። በመልእክት የመጣልንን ማስፈንጠሪያ ከመንካት ይልቅ አድራሻውን በእጃችን እንጻፍ። ቁጥሩን ተሳስተን ከተናገርንም በኀፍረት አንደበቀው፤ ሂሳቡ እንዲታገድ ወዲያው ለባንኩ፥ ቀጥሎም ለፖሊስ እናመልክት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማታለል በወንጀል ያስቀጣል።

አክስቴ አልተቆጣችኝም። «አንተ ባታነብልኝ ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር፤ ተወው ልጄ» አለችኝ። ይህ ቃሏ ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፥ በየቤታችን በእኛ ዓይን የሚያነቡ እናቶችና አባቶች አሉ። ስናነብላቸው እስከ መጨረሻው መስመር እናንብብላቸው።