«በምን ረጠበ?»፦ የተርኪ ሙሌትና የአንድ ቤተሰብ ሦስት ኅዳሮች

በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ «የሌላ አገር የበዓል ምግብ መርጣችሁ በምግቡ በኩል አንድ ቤተሰብ አሳዩን» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ግማሹ ክፍል የጣልያንና የቻይና ምግብ ላይ ሲረባረብ እኔ የአሜሪካኖቹን የተርኪ ሙሌት ያዝኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ቨርጂኒያ የምትኖር አክስት አለችኝ፣ ስልክም ታነሳለች።

መጀመሪያ ያስረከብኩት ጽሑፍ ስንት ዳቦ፣ ስንት ሽንኩርት የሚል ብቻ ነበር። መምህራችን ከግርጌው አንዲት ጥያቄ ጽፈው መለሱልኝ፤ «ከገበታው ቀርቦ ያልበላ ሰው አለ ወይ?» ሌላ ምንም የለም፤ ማርክም የለም። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። አክስቴ ጋ መልሼ ስደውል ግን ዋናውን ወሬ ትቼው እንደነበር ገባኝ። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ሙከራዬ ነው።

ለመሆኑ ስተፊንግ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ታንክስጊቪንግ ወይም የምስጋና ቀን የሚባል በዓል አለ። ሣራ ጆሴፋ ሄል የተባለች ደራሲና የመጽሔት አዘጋጅ በዓሉ ብሔራዊ እንዲሆን ለብዙ ዓመታት ስትወተውት ቆይታ፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 አወጁት። እንግዲህ በዓሉ ውስጥ የሙያ ባልደረባችን እጅ አለበት ማለት ነው። ሄል እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥም የበዓሉን ማዕድ ስትተርክ ተርኪውን ከነሙሌቱ ገበታው ራስ ላይ አስቀምጣዋለች። ቀኑ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እንዲሆን በሕግ የተወሰነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ይቺን ሐሙስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ተርኪ የዶሮ ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ ነው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሲጸዳ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ የሚሞላው ነው ስተፊንግ የሚባለው። መሠረቱ የደረቀ ዳቦ ነው። ዳቦው ይቆራረጣል፤ በቅቤ የተቁላላ ሽንኩርትና ሴለሪ የሚባል ግንዱ የሚበላ አትክልት ይገባበታል፤ ሴጅ የሚሉት ሽታው ጠንከር ያለ ቅጠል ይነሰነስበታል፤ እንቁላል ይመታበታል፤ በመጨረሻም በዶሮ ወይም በተርኪ መረቅ ይረጥባል። ዳቦው መድረቅ ያለበት መረቁን ጠጥቶ ሊጥ እንዳይሆን ነው።

ከዚህ በኋላ ግን እንደየአገሩና እንደየቤቱ ነው። በደቡብ ግዛቶች ዳቦው የበቆሎ ዳቦ ነው። በኒው ኢንግላንድ የባሕር ዳርቻ ኦይስተር የሚባል በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ይጨምሩበታል። የጀርመን ዝርያ ያላቸው የፔንሲልቫኒያ ሰዎች የተፈጨ ድንች ይጠቀማሉ፤ ሚኒሶታ ላይ የዱር ሩዝ የሚያስገቡ አሉ። ጊዜ የሌለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ ላይ የዋለውን «ስቶቭ ቶፕ» የተባለ የካርቶን ስተፊንግ ገዝቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሳል። እኛ ዘንድ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ይድቀቅ አይድቀቅ እያሉ እህትማማቾች እንደሚከራከሩት ሁሉ፣ እዚያም ሴጅ በዛ አነሰ፣ ፖም ይግባ አይግባ እየተባለ ክርክር አለ። ሁሉም የሚያሸንፈው «እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው» ብሎ ነው።

ውስጥ ወይስ ውጭ?

ትልቁ ክርክር ግን ሌላ ነው። ሙሌቱ የሚበስለው ተርኪው ሆድ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው በትሪ? በደቡብ ብዙዎች በትሪ ይጋግሩታል፤ ስሙንም «ድሬሲንግ» ይሉታል። ውስጥ ነው የሚሉት የወፉ ስብና ጭማቂ እየተንጠባጠበ ስለሚገባበት ጣዕሙ አይገኝም ይላሉ። ውጭ ነው የሚሉት ደግሞ ላዩ ቀላ ብሎ ኩርሽም የሚለው በትሪ ሲጋገር ነው ባዮች ናቸው።

ነገሩ የጤናም ነው። ያ የሚንጠባጠበው ጭማቂ የጥሬ ሥጋ ጭማቂ ስለሆነ ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሙሌቱ መሐል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት የሚለው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ሙሌቱ ከሥጋው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። መሐሉ እስኪደርስ ሲጠበቅ የደረቱ ሥጋ ይደርቃል። ሥጋው እንዳይደርቅ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ሙሌቱ ጥሬ ይሆናል።

በመጀመሪያው ጽሑፌ እዚህ ላይ ነበር የጨረስኩት። አክስቴ ቤት ግን «ውስጥ ወይስ ውጭ» ማለት ማን ይበላል፣ ማን አይበላም ማለት ነበር።

ሦስት ኅዳሮች

ያቺን ሐሙስ እናምጣት። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ ኖቬምበር 25 ላይ ይውላል። የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ የምትውለው ከ22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ነው። አስሉት፤ ታንክስጊቪንግ አብዛኛውን ጊዜ ጾም ውስጥ ይወድቃል።

አያቴ አክስቴን ልትጠይቅ በሄደችበት በ2015 ዓ.ም በዓሉ ልክ ኅዳር 15 ዋለ። የጾሙ መግቢያ መሆኑ ነው። የአክስቴ ባል ጆርጂያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እናቱ ለበዓሉ ከጆርጂያ መጥተው የበቆሎ ዳቦ ድሬሲንጋቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ከእናታቸው የተማሩት ነው፤ ወረቀት ላይ የለም። ሳህኑን ለአያቴ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው።

አክስቴም «እማዬ፣ ዳቦ ነው፤ ተርኪው ውስጥ አልገባም» አለቻት።

አያቴ አየት አደረገችውና «በምን ረጠበ?» አለች።

«በዶሮ መረቅ።»

«እንግዲያ ለልጆቹ ስጫቸው።»

ያን ቀን አያቴ ከአገር ቤት ይዛ የሄደችውን በሶ በጥብጣ ጠጣች። የባልየው እናት ገበታው ላይ ምንም አላሉም። ኋላ ግን ወጥ ቤት ገብተው ልጃቸውን «ምግቤን ተጸየፈችው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። አክስቴ ስለ ጾሙ ስትነግራቸው «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሏት።

አክስቴ ይቺን ስትነግረኝ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። «ስሚ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቀጥላ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በዚያች ቀን ጾሜን እሽር ነበር። ላስረዳ ብዬ ከምጀምር መብላቱ ይቀለኝ ነበር። እማዬ ስትመጣ ነው ያፈርኩት።»

በ2016 ዓ.ም በዓሉ ኅዳር 13 ሆነ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አያቴ በላች፤ ሁለቴም አስጨመረች። «የዳቦ ፍርፍር እኮ ነው! እኛ ምጣድ ላይ እናገላብጠዋለን፣ እነሱ ኦቭን ውስጥ ይከቱታል» አለች ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። አክስቴ «በዚያ ዓመት ካላንደሩ አስታረቀን» ትላለች። ግን እሷም ታውቀዋለች፤ ካላንደር በየዓመቱ አያስታርቅም።

በ2017 ዓ.ም በዓሉ ኅዳር 19 ዋለ። በዚህ ጊዜ የባልየው እናት ቀድመው ደወሉ። ለአያቴ የማይሆነው ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ መረቅ የለም። «ታዲያ ከኔ ድሬሲንግ ምን ቀረ?» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድመው መጡና ሙከራ ጀመሩ። የበቆሎ ዳቦውን በዘይትና በውሃ ጋገሩት፤ መረቁን ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሴለሪ አወጡት። የመጀመሪያው ትሪ ሲቆረጥ ተበታተነ። ሙሌቱን አያይዞ የሚያቆመው እንቁላሉ ነበራ!

አያቴ ወንበሯ ላይ ሆና ስታይ ቆየችና ተነስታ የተፈጨ ተልባ ይዛ መጣች። ተልባ በውሃ ሲበጠበጥ እንደሚያዝለገልግ እኛ ቤት የማያውቅ የለም። እዚያም ለካ እንቁላል የማይበሉ ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ በአንድ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልን የምንንቀው ተልባ ሁለተኛውን ትሪ አቆመው። በበዓሉ ቀን ሁለት ትሪ ተጋገረ። የጾሙ ትሪ የተርኪው ስብ እንዳይፈናጠርበት በፎይል ተሸፈነ፤ ማንኪያውም ለብቻው ሆነ። የባልየው እናት ቀመሱና «የኔ ይበልጣል፤ ይሄም ግን ይበላል» አሉ። አያቴ ከጾሙ ትሪ በላች። አክስቴም እንደዚያው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

እኔ የተማርኩትን በሁለት ነጥብ ልጠቅልለው። አንደኛ፣ ስለ ምግብ ስንጽፍ የአሠራሩ ዝርዝር ተራ ነገር አይደለም። በትሪ መጋገሩ ብቻ ሳህኑን የጾም አላደረገውም፤ ወሳኙ መረቁ ነበር። ያንን የለየችው ደግሞ አንድ ጥያቄ የጠየቀችው አያቴ ናት። ከሁላችንም የተሻለች ጠያቂ ጋዜጠኛ እሷ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ባህላቸው እንዲህ ነው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት ገበታው ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው እንፈልግ። እኔ አክስቴን መጀመሪያ ስደውልላት የጠየቅኳት ምን እንደሚበላ ነበር፤ ነገረችኝ። ሁለተኛ ስደውል ማን እንዳልበላ ጠየቅኳት፤ ያን ጊዜ ነው ለዓመታት ለማንም ያልነገረችውን የነገረችኝ።

አያቴ አሁን አዲስ አበባ ተመልሳለች። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንድ እርማት ሰጠችኝ፦ «ተልባው ቀድሞ መታመስ አለበት፤ እሱን አልጻፍሽም።» ይኸው ጻፍኩት።