ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ባለሙያ ስለሚጻፍ የሥራ ምስክር ወረቀት

በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ ንግድን የሚያንቀሳቅሰው ጤፍና ማሽላ፣ ሽንኩርትና ከብት ብቻ አይደለም። ከጎብዬና ከሮቢት ጀምሮ እስከ ዋጃና አላማጣ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፣ ከመሬት ውስጥ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ሲቆም ደርሶ የሚጠግን፣ የወፍጮውን ሞተር የሚያስነሣ፣ የመጋዘኑን በር የሚበይድ ሰው ከሌለ ሽንኩርቱም በማሳው ላይ ይደርቃል፤ እህሉም ሳይፈጭ ይቀራል። ይህ ሰው ሙያውን የተማረው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ሳይሆን በአንድ ነጋዴ ጋራዥ ወይም ሱቅ በረዳትነት ገብቶ፣ ካቻቪቴና መፍቻ ከማቀበል ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሙያው በእጁ አለ፤ በወረቀት ላይ ግን የለም። በአገሩ እስካለ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለታልና ይህ አያስቸግረውም። ችግሩ የሚመጣው በዚሁ ሙያው ሌላ አገር ሄዶ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ነው።

ከራያ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። ይኸውም የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያደርሰው መንገድ ነው። በባሕርና በበረሃ የቀሩትን በየቀበሌው የማያውቅ የለም። በሕይወት የደረሰውም ቢሆን የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው ሙያው አይቆጠርለትም፤ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ እጅ ፍየል ሊጠብቅ ይገደዳል። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ባስወጣ ጊዜ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የኢትዮጵያ መንግሥትም በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አግዶ፣ እገዳውን ያነሣው በ2010 ዓ.ም. ነበር።

በሕግ የሚሄድ ባለሙያ ግን ሁለት በሮች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው በአገር ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛው ለሚሄድበት ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ያዛል። ይህ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ስለ ተሻሻለ፣ ሂያጁ በሚነሣበት ጊዜ የሚሠራበትን ደንብ ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባዋል። በራያ ብዙ ሰው ይህን ማረጋገጫ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጃገረዶች ብቻ የሚይዙት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። በያጁም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ የመኪና ጠጋኙም፣ ግንበኛውም በየሙያው በወጣው ደረጃ ሊመዘን ይችላል። መዛኞቹ የሚፈትኑት ሙያው የት እንደ ተገኘ ሳይሆን ሰውዬው ሥራውን መቻሉን ነው፤ አንዱ ፈተና በጽሑፍ፣ ሌላው በሥራ ላይ ይሰጣል። ለሃያ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው በተግባሩ አልፎ በጽሑፉ ሊወድቅ ይችላልና፣ አስቀድሞ የመሣሪያዎቹን ስምና የአደጋ መከላከያውን ደንብ ቢያጠና ይጠቅመዋል። ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን ሲል የኖረው ዕቃ በፈተናው ላይ በሌላ ስም ይመጣበታል።

ወጪውንም በሚመለከት አዋጁ ድርሻን ለይቷል። የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ጉዞው፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድን ዋስትናውም በአሠሪው ላይ ነው። ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውን፣ ክትባቱንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ሠራተኛው ይከፍላል። ለቪዛ ማስፈጸሚያ እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ እንግዲህ የሚጠይቀው ሕጉ በሌላ ሰው ላይ ያደረገውን ዕዳ ነው።

ሁለተኛው በር የሚቀበለው አገር በር ነው። ይህም እንደየአገሩ ይለያያል። ሳዑዲ ዐረቢያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ካሉ አገሮች የሚመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ገና በአገራቸው ሳሉ የምትፈትንበትን ሥርዓት ዘርግታለች። አውስትራሊያም የሙያን ብቃት የሚመዝን የመንግሥት ክፍል አላት። ለምክር ቤት አባላት ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የጀርመን አሠራር ነው። በዚያ አገር በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ አገር ሰው ሙያ ከጀርመኑ ሙያ ጋር ተካካይ መሆኑን መርምረው የሚወስኑት የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶችና የእደ ጥበብ ምክር ቤቶች ናቸው። ለንግዱና ለኢንዱስትሪው ወገን ይህን ሥራ የሚያካሂደው ማዕከል በኑረምበርግ ከተማ ይገኛል። ሆኖም የጀርመን ሕግ ከሥራ ልምድ በፊት መደበኛ ትምህርትን ስለሚመለከት፣ በልምድ ብቻ ለተማረ ሰው በሩ ጠባብ ነው። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀለል ባለው መንገድ እንኳ በአገሩ መንግሥት የታወቀ የሁለት ዓመት ሥልጠናና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ በዕድሜው ገና የሆነ ረዳት እንደ ወልድያና ኮምቦልቻ ባሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ገብቶ ቢማር የሚያባክነው ጊዜ የለም።

ሙያን ከሚመዝኑት የውጭ አገር ቢሮዎች ብዙዎቹ የሚመለከቱት ወረቀት ቢኖር አሠሪው የጻፈው የሥራ ምስክር ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዳዩ ከባለሙያው አልፎ ወደ ነጋዴው የሚደርሰው።

በአገራችን የተለመደው ደብዳቤ «አቶ እገሌ በድርጅታችን ውስጥ በቅንነት፣ በታማኝነትና በትጋት ያገለገሉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል ነው። ጸሐፊው ምስጋና ሲያበዛ ደብዳቤው የከበረ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ለጠባይ ምስክር ይሆናል እንጂ ለሙያ አይሆንም። መርማሪው የሚፈልገው ሰውዬው በየቀኑ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ ነው። የፓምፕ ጠጋኝን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ደብዳቤው እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «ከመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. (11 ሴፕቴምበር 2016) እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. (7 ጁላይ 2021) በጠጋኝነት፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር ይህን ያህል ብር ደመወዝ እየተከፈለው ሠርቷል። የናፍጣና የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፖችን ይፈታል፤ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን ይለውጣል፤ የተሰበረ ቧንቧ በኤሌክትሪክ ብየዳ ይበይዳል፤ ሁለት ረዳቶችን ያሠለጥናል።» ከዚህ በታች የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ የድርጅቱ አድራሻና ስልክ፣ ማኅተሙም ይከተላል።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ከንቱ ድካም አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ተወለደ የሚል ፓስፖርት የያዘ ሰው ከ2009 ጀምሮ ሠራ የሚል ደብዳቤ ቢያቀርብ፣ የኛን ዘመን የማያውቅ መርማሪ ሰውዬው በ11 ዓመቱ ተቀጠረ ብሎ ይቆጥራል። ስሙም እንዲሁ ነው። በሱቁ ውስጥ በቅጽል ስም ሲጠራ የኖረ ልጅ በደብዳቤው ላይ በፓስፖርቱ እንደ ተጻፈው ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፣ ፊደሉም ሳይለወጥ ሊሰፍር ይገባል። አንዱ ወረቀት መሐመድ፣ ሌላው ሙሐመድ ካለ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን በደረሰበት ጊዜ የተዘጋ ሱቅና የጠፋ መዝገብ ብዙ ነው። ሥራው የቆመባቸውን ወራት ሥራ እንደ ነበረ አድርጎ ከመጻፍ ይልቅ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ተቋርጦ ነበር ብሎ መጻፍ ደብዳቤውን ታማኝ ያደርገዋል። መርማሪው የከተማይቱን ታሪክ ከሌላ ቦታ ሊያነብ ይችላልና።

ደብዳቤ ብቻውንም አይቆምም። የደመወዝ መዝገብ፣ የሥራ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት የጡረታ ሒሳብ ይደግፉታል። እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴ የሚጨነቅበት ነገር አለ። ለግብር የተገለጸው ደመወዝ አንድ ሆኖ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሌላ ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚከሰስበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ይዞ ሄደ ማለት ነው፤ አሠሪውንም ለግብር ጠያቂ ያጋልጠዋል። ለብቻው የሚሠራ ጠጋኝ ደግሞ አሠሪ ስለሌለው የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙንና መለዋወጫ የገዛበትን ደረሰኝ ያቀርባል። ስለዚህ መለዋወጫ ሻጩ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥለት ከመንግሥት ግብር በተጨማሪ የዚህን ሰው የሙያ ማስረጃ ማጥፋቱ ነው።

«ሠራተኛዬን በገዛ ደብዳቤዬ ለምን ላባርር?» የሚል ነጋዴ አይታጣም። አባባሉ ከጥቅም አንጻር ሲታይ አይፈረድበትም፤ ጥሩ በያጅ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። ከዚህም በላይ፣ ደብዳቤ የተከለከለ ወጣት ሁልጊዜ በሱቁ አይቀርም፤ አንድ ሌሊት ተነሥቶ በኦቦክ በኩል ይሄዳል። ነጋዴው ያን ጊዜ በያጁንም ያጣል፤ የቤተሰቡንም ወዳጅነት ያጣል።

በሌላው ወገን ደግሞ ላልሠራ የወዳጅ ልጅ ደብዳቤ የሚጽፍ አለ። ይህ ቸርነት የሚመስለው ደግነት በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። በአውስትራሊያ የቪዛ ሕግም ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ አመልካች ቪዛ ከመከልከሉ ሌላ፣ ለ3 ዓመት ያህል ብዙዎቹ የቪዛ ዓይነቶች ይዘጉበታል። አንድ ድርጅት አንዴ በሐሰት ከታወቀ፣ በኋላ እውነተኛ ሠራተኛው ይዞት የሚሄደው ደብዳቤ በጥርጣሬ ይታያል።

ደብዳቤው በአማርኛ ከተጻፈ በታወቀ ተርጓሚ ይተረጎማል፤ ተቀባዩ አገር በሚጠይቀው መሠረትም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው ይረጋገጣል። ቅጂው ከነወጪ ቁጥሩ በድርጅቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። መርማሪው ስልክ ሊደውል ወይም በኢሜይል ሊጠይቅ የሚችለው ከብዙ ወራት በኋላ ነውና፣ ስልኩን የሚያነሣው የሱቁ ልጅ ጥያቄውን ለማን እንደሚያስተላልፍ አስቀድሞ ይነገረው።