የሳንቲም መዋጮና የነርቭ ሕመም ምርምር

ፖሊዮ የኅብለ ሰረሰርን የነርቭ ሕዋሳት እየገደለ እጅና እግርን የሚያሰልል ደዌ ነው። በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ይህ ደዌ እንደ ያዛቸው የነገሯቸው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሕክምናውና ለምርምሩ ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ የባለጸጎችን ስጦታ ብቻ አልጠበቀም፤ ሕዝቡ ዐሥር ዐሥር ሴንት እንዲያዋጣ ለመነ እንጂ። ባለሱቆችም የመዋጮውን ሣጥን በባንኮኒያቸው ላይ አኖሩ። በዚህ ገንዘብ የተረዱት ዶክተር ጆናስ ሳልክ ክትባት ሠሩ፤ በ1954 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት በተካፈሉበት ፈተና ተመርምሮ፣ በ1955 ፍቱንነቱ ታወጀ።

ከመዋጮው እስከ ክትባቱ 17 ዓመት አልፏል። ስለዚህ ምርምር፣ እንደ ንግድ ሁሉ፣ ትርፉ ሳይታይ አስቀድሞ ካፒታል ይፈልጋል፤ ካፒታሉም ከብዙ እጅ በጥቂት በጥቂቱ፣ ነገር ግን ሳይቋረጥ፣ ሊገኝ ይችላል። ዛሬም ፈውስ ያልተገኘላቸው የአንጎልና የነርቭ ሕመሞች ይህንኑ ትዕግሥት ይሻሉ።