ጥሩሩ ጀርባም ነበረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምናየው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በምዕራፍ 6 ስለ ጻፈው ዕቃ ጦር ነው። ሐዋርያው በሮም ሳለ አንድ ወታደር ይጠብቀው እንደነበር በሐዋ. 28፥16 እናነባለን። ትጥቁን በዓይኑ ያውቀዋል ማለት ነው። እኛ ግን አላየነውም፤ ስለዚህ ቃሉን ስንሰማ የየራሳችንን ሥዕል እንሥላለን።

እኔም አንዱ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጉባኤ ላይ ቆሜ «የሮማ ወታደር ጀርባው ባዶ ነበር፤ ክርስቲያንም ከሸሸ አለቀለት» ብዬ አስተማርሁ። ከሌላ ሰባኪ የሰማሁት ነው፤ ደስ ስለሚል አልመረመርሁትም። ጉባኤው ሲፈታ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ ስንት ጊዜ ሸሽቻለሁ። እንግዲያ አልቆልኛል ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በኋላ ነገሩን ስከታተል፣ በአውሮፓ የጥንቱን የሮማ ጦር ትጥቅ አሠርተው፣ ለብሰው የሚለማመዱ ማኅበራት መኖራቸውን አወቅሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ኤርሚን ስትሪት ጋርድ አንዱ ነው። ጨዋታ ሊመስለን ይችላል፤ ግን የሚሠሩት ከመሬት የተገኘውን እያዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከሀድርያን ቅጥር አቅራቢያ፣ ኮርብሪጅ ከተባለ ቦታ፣ የተቀበረ ሣጥን ተገኘ። በውስጡ የጥሩር ብረቶች ነበሩ። ራስል ሮቢንሰን የተባለ የጥንት ትጥቅ ሊቅ እነዚያን መርምሮ ጥሩሩ እንዴት እንደሚገጣጠም አሳየ።

ታዲያ ያ ጥሩር የጀርባ ብረትም አለው! ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን ዙሪያውን ይይዛል። ከብረት ቀለበት የተሠራውን የለበሱትም ጀርባቸው የተሸፈነ ነበር። ስብከቴ ስሕተት ነበር። ሐዋርያው «ቁሙ» አለን እንጂ «የሸሸ አለቀለት» አላለም፤ ይህ የእኛ ጭማሪ ነው።

ሌላም አለ። የብረቱ ጥሩር ከፊት በጠፍር ይታሰራል፤ ጓደኛ ሲያግዝ ይቀላል። ለብሰው የሚለማመዱት እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ቅዱስ ጳውሎስም «ልበሱ» አለ እንጂ «ልበስ» አላለም።

ጋሻ ሲባል ደግሞ እኛ የምናስበው አባቶቻችን ይይዙት የነበረውን ክብ የቆዳ ጋሻ ነው። በግሪኩ የተጻፈው ቃል ግን «በር» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ እንደ በር ትልቅ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚሸፍን። በሶርያ ዱራ ኤውሮጶስ በተባለች ከተማ የተገኘ አንድ ጋሻ ከስስ እንጨት ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ወታደሮቹ ጋሻቸውን ከጎንና ከላይ ገጥመው እንደ ኤሊ ድንጋይ ይሸፈናሉ። አንዱ ክንዱ ዝሎ ዝቅ ካደረገ ፍላጻው የሚገባው በጎረቤቱ ላይ ነው።

ክንድ ደግሞ በአንድ ቀን አይጠነክርም። ቬጌቲዎስ የተባለው የሮማ ጸሐፊ እንደሚለው አዲስ ምልምል የሚለማመደው በእውነተኛው ሰይፍ አልነበረም፤ ክብደታቸው እጥፍ በሆነ የእንጨት ሰይፍና ከቀንበጥ በተጎነጎነ ጋሻ፣ መሬት ላይ የተተከለ ግንድ እየመታ፣ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ነበር። የዛሬዎቹም ግንድ ተክለው ይህንኑ ይሞክራሉ። ጾማችንም ለእኔ ይህንን ይመስለኛል፤ ምግቡ ጠላት ሆኖ አይደለም፣ ክንዱ እንዲለምድ ነው እንጂ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢዝል አይግረማችሁ።

እኒያን እናት ከወራት በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠይቄ ስለ ጀርባው ብረት ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ጠፍሩን የሚያስርልኝ ሰው ፈልግልኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ለንስሐ አባት አገናኘኋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።