«ብረት ከነካው ይሰራጫል» ይሉናል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ54 ዓመት እናቴ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አለባት፤ አያማትም። ሐኪሙ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር አዟል። ዘመዶቻችን ግን «ብረት ከነካው ይሰራጫል፤ ጸበል ይሻላታል» ብለው አስፈሯት። ደግሞስ የደም ምርመራ በሰዓታት ሲደርስ ይሄኛው ቀናት የሚፈጀው ለምንድን ነው?
ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህን ስጋት ከብዙ ቤተሰቦች እሰማለሁ፤ መነሻውም ይገባኛል። ብዙ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በሽታው ወደ ብብት፣ ሳንባና አጥንት ከተዛመተ በኋላ ነው። እንዲህ ያለች ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስታርፍ ጥፋቱ በቢላዋው ይሳበባል። የገደላት ግን መዘግየቱ ነው። ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ባለፈበት መንገድ የካንሰር ሴል የሚቀርበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህም የታካሚዋን ዕድሜ እንደሚያሳጥር አልታየም።

አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ይሁንና አለማመሙ አያዘናጋችሁ፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እናትዎ ጸበላቸውን ይጠመቁ፤ ምርመራውን ግን አያዘግዩት።

ቀናት የሚፈጀው ሥጋው ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መሳሳት ስላለበት ነው። መጀመሪያ ሴሎቹ እንዳይበሰብሱ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ውሃው በአልኮል ይወጣል፤ አልኮሉ በዛይሊን ይተካል፤ በመጨረሻ የቀለጠ ሰም ይገባበትና ሲረጋ «ብሎክ» ይሆናል። ባለሙያው ብሎኩን በማይክሮቶም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን አሳስቶ ይቆርጠዋል፤ ይህ ከፀጉር ውፍረት ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። ቀለም ሲነከር የሴሉ አስኳል በሄማቶክሲሊን ሰማያዊ፣ ዙሪያው በኢዮሲን ሮዝ ይሆናል። ፓቶሎጂስቱ የአስኳሎቹን መጠንና ቅርጽ፣ ሴሎቹ ወሰናቸውን ጥሰው መውጣት አለመውጣታቸውን አይቶ ይፈርዳል። ካንሰር ከሆነ ለተጨማሪ ቀለም ሌሎች ቀናት ያስፈልጋሉ።

አጥብቄ የምነግርዎ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ዕቃው ክዳኑ የሚገጥም፣ ውስጡም የናሙናውን ቢያንስ አሥር እጥፍ የሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ያለበት ይሁን። ውሃ ወይም ግሉኮስ ውስጥ አይጨመር፤ ፍሪዘር ውስጥም አይቀመጥ፣ በረዶው ሴሎቹን ይቀዳድዳቸዋልና። ስምና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ዕቃው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ሳይውል ሳያድርም ያድርሱት። የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። በአያያዝ የተበላሸ ናሙና በካንሰሩ ላይ ያለውን የኤስትሮጅን ተቀባይ ሊደብቅ ይችላል። ያኔ በዚህ ተቀባይ ላይ የሚሠራው ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን የሚጠቅማት ሴት «አይጠቅማትም» ተብላ ትቀራለች። በትንሽ ጥንቃቄ ማጣት እንዲህ ያለ መድኃኒት ማጣት በጣም ያሳዝናል።

ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቱን ቤት ሳያስቀምጡ ለእናትዎ ሐኪም ያድርሱ። የሌላ ባለሙያ አስተያየት ከፈለጉ እናትዎን ዳግም መውጋት አያሻም፤ ብሎኩ ለዓመታት ስለሚቆይ እሱን ከላቦራቶሪው ይጠይቁ። አሁን ግን ቀጠሮውን ሳያሳልፉ እናትዎን ይውሰዷቸው።